የእትዬ ወለላ ጥያቄ በካልጋሪ የዓርብ ገበታ

ሐዋሳ ከተመለስኩ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ካናዳዋ ካልጋሪ መጀመሪያ ብርዱን፣ ቀጥሎ ደመወዙን ይጠይቀኛል። ስለ ሁለቱም ብዙ አላውቅም። የቆየሁት ለአጭር ጊዜ ነው፤ ከዚያም አብዛኛውን ያሳለፍኩት ስለ ዓሣ ሲከራከሩ በመስማት ነው። ሐይቅ ዳር ተወልጄ ያደግኩት ሴት፣ ባሕር በአጠገቡ የሌለ፣ መጋቢት ላይ እንኳን መሬቱ በረዶ የለበሰ አገር ሄጄ በዓሣ ጉዳይ እንቅልፍ አጣለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው። ወደዚያ የመሄድ ሐሳብ ለሌላችሁም ቢሆን የጾም ጊዜ ጨዋታ ይሆናችኋል።

የሄድኩት እትዬ ወለላን ላስታምም ነው። እትዬ ወለላ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው። እኛ ኦርቶዶክስ፣ እነሱ ካቶሊክ ሆነን በአንድ ግቢ ነው የኖርነው፤ ልጆች ሳለን የሁለቱንም ፋሲካ እንበላ ነበር። እሳቸው ካልጋሪ ከገቡ ግን ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። በዚህ ዓመት ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሲሆኑ ልጃቸው ሣራ ደወለችልኝ። "ማሚ አልቀመጥም ብላኛለች፤ ፕሊስ መጥተሽ አስቀምጪልኝ" አለችኝ። ቪዛ ነበረኝ። ቀደም ሲል ለሣራ ሰርግ ብዬ ያወጣሁት ነው፤ ሰርጉ ፈረሰ፣ ቪዛው አልፈረሰም። ከምሠራበት ፋርማሲ ፈቃድ ወስጄ ተነሳሁ።

ረቡዕ

ቶሮንቶ ላይ አውሮፕላን ቀይሬ ካልጋሪ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። የጾም ምግብ ብዬ አስመዝግቤ ስለነበር በሁለተኛው አውሮፕላን ላይ አስተናጋጇ አንድ ሙዝ ሰጥታኝ በሐዘኔታ አየችኝ።

ሣራ ሥራ ላይ ስለነበረች መውጫው ላይ የጠበቀኝ ሩኤል የሚባል ፊሊፒናዊ ነው። አየር ማረፊያው ውስጥ በጽዳት ይሠራል፤ ከእትዬ ወለላ ጋር በአንድ ቁምስና ይሳለማል። ካቶሊኮቹ ደብር የምንለውን ቁምስና ነው የሚሉት። አጠር ያለ፣ ከመናገሩ በፊት ፈገግ የሚል ሰው ነው። ስሜን ካርቶን ላይ ጽፎ ቆሞ ነበር፤ ፊደሎቹን ቢያዛባቸውም እኔ መሆኔ አላጠራጠረኝም። ሻንጣዬን እየገፋልኝ ሺፍቱ እንዳለቀ ነገረኝና በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ከኪሱ አውጥቶ ይገምጥ ጀመር። ዳቦው ውስጥ ሥጋ አለ።

እኔም አላስችል ብሎኝ፣ ዐቢይ ጾም አልገባችሁም እንዴ ብዬ ጠየቅኩት። ገብተናል አለ እየጎረሰ። ሥጋ የሚተዉት ዓርብ ዓርብ ነው፤ ከዚያ ሌላ እያንዳንዱ ሰው የሚወደውን አንድ ነገር መርጦ ይተዋል። አንተ ምን ተውክ አልኩት። ቸኮላት አለኝ። ከባድ ነው ብሎ ጨመረ። እኔ ከቶሮንቶ ጀምሮ በአንድ ሙዝ የመጣሁ ሰው ምን እመልስለታለሁ? አይዞህ አልኩት።

እትዬ ወለላ በከተማው ሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ለአየር ማረፊያው ቅርብ በሆነ ቤት ነው የሚኖሩት። በምርኩዝ ተደግፈው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አገላብጠው ሳሙኝና "እንኳን ደህና መጣሽ። በይ አሁን አረፍ በይ፣ እኔ ልሥራ" አሉ። የመጣሁበት ጉዳይ ከመጀመሪያው ቀን እንዲህ ተገለበጠ። ሽሮው ግን እናቴ ከምትሠራው አያንስም ነበር፤ ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም።

ሐሙስ

ሌሊቱን ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራሮቹ ወርዶ በረዶውን ጎርፍ አድርጎት አደረ። የሐዋሳ ክረምት ቢያንስ መምጣቱን በደመና ይነግርሻል፤ እዚህ ማታ በካፖርት ተኝተሽ ጠዋት በሹራብ ትወጫለሽ፣ በዚያ ላይ ራስሽን ይወቅርሻል።

ሣራ ቀኑን ኦፍ ነበረችና ሰንሪጅ ወደሚገኘው ትልቅ ገበያ ወሰደችን። ሣራ እዚያው ካልጋሪ የተወለደች ናት፤ አማርኛዋ ሲደክማት በእንግሊዝኛ ታሳርፈዋለች። ገና ፓርክ እንዳደረገች ወደ እኔ ዞራ፣ ዓሣው ጋ ስንደርስ ማሚን አታውቂያትም በይ አለችኝ። የገባኝ ስንደርስ ነው።

የዓሣው ክፍል ከእኛ ፋርማሲ ይሰፋል። ስሙን የማላውቀው የባሕር ፍጥረት ሁሉ በተፈጨ በረዶ ላይ ተኝቷል። እትዬ ወለላ ተራቸው ሲደርስ ሽሪምፕ የሚሉትን አንበጣ መሳይ በምርኩዛቸው ጫፍ አመለከቱና "ይህን ማን ያዘው?" ብለው ጠየቁ። ሻጯ ማን ቀድሞ ተሰለፈ ያሏት መስሏት፣ ተራው የእርስዎ ነው አለቻቸው። አይደለም፣ ይህን ከባሕር ማን አወጣው አሉ። ሻጯ ከረጢቱን ገልብጣ የታሸገበትን አገር ነገረቻቸው። ያሸገውን አልጠየቅኩሽም፣ የያዘውን ነው አሉ። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ረዘመ። በመጨረሻ አለቃዋ መጣ፤ ጥያቄውን በጥሞና ሰማና ቅናሽ ላደርግልዎ እችላለሁ አለ።

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ይህ ጥያቄ አይጠየቅም። ያጠመደው ሰው መረቡን እያራገፈ እዚያው ከፊትሽ ቆሟል፤ በዋጋ ትሰዳደቢዋለሽ፣ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች የዓሣውን አንጀት ለመንጠቅ ከኋላሽ ይጋፉሻል። አጥማጁ ማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ማታ የት እንደሚጠጣም ታውቂያለሽ።

መኪና ውስጥ ገብተን ሣራ ነገሩን አስረዳችኝ። ሩኤል ካናዳ ከመምጣቱ በፊት ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ ይሠራ ነበር፤ እዚያ ፓስፖርቱን ወስደውበት እንደነበር ለእናቷ በጨዋታ መሐል ጣል አድርጎላቸው ወደ ሌላ ወሬ ዞረ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ወለላ ዓሣ ባዩበት ሁሉ እንዲህ ናቸው። "ገብቶኛል፣ ግን ሁልጊዜ ሰው ፊት፣ ዩ ኖው?" አለች ሣራ። እትዬ ወለላ ከኋላ ሆነው፣ ሰው ፊት ካልሆነማ ማን ይሰማኛል አሉ።

ዓርብ

የቁምስናው ሰዎች በዐቢይ ጾም ዓርብ ማታ ማታ አዳራሽ ውስጥ ዓሣ ጠብሰው ይሸጣሉ። ገቢው ሥራ ለፈቱ ጎረቤቶች አስቤዛ መግዣ ይሆናል። እትዬ ወለላ ከመጥበሻው ጀርባ ብዙ ዓመት ቆመዋል። ሐኪሙ እንዳይቆሙ ስላዘዘ ዘንድሮ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዝዛሉ፤ የምቆመው እኔ ነኝ። ጿሚ መሆኔ ለሥራው ይመቻል፣ አትቀምሺብንም አሉኝ።

የአዳራሹን ሥራ የሚመራው ፓትሪክ የሚባል ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። እጁ መጥበሻ የሚያክል፣ ድምፁ ግን የሕፃን ነው። ዓሣና ሽሪምፕ የታሸገባቸውን ካርቶኖች ከፍሪዘር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረልንና በጣም በርካሽ እንዳገኛቸው በኩራት ነገረን። እትዬ ወለላ ጥያቄያቸውን ጠየቁ። ፓትሪክም በየዋህነት፣ ከባሕር ነው የመጣው አለ።

እትዬ ወለላ ሽርጣቸውን ፈትተው አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። "ሚስተር ፓትሪክ፣ እኔ ይህን አልጠብስም" አሉት። እኔንም በዓይናቸው ከመጥበሻው አራቁኝ። ውጭ ሰዉ ትሪውን ይዞ ተሰልፏል፤ ዘይቱ ግሏል። ፓትሪክ ለመናቸው፣ ለጾሙ ብለው አላቸው። ለጾሙ ብዬ ነው አሉት። እኔ እንግዳዋ የማደርገው ጠፍቶኝ ንጹሑን ማንኪያ ደግሜ አጠብኩ።

ሩኤል ጥግ ላይ ድንች ይልጥ ነበር። ቢላዋውን አስቀምጦ መጣና ለፓትሪክ አንድ ነገር ልንገርህ አለው። የነገረን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው፤ ፈገግታው አብሮት አልነበረም።

አባቱ አጥማጅ ነበር፣ እሱም ሌላ ሥራ አያውቅም። ደላላ መጥቶ በጥሩ ደመወዝ በትልቅ መርከብ አስቀጠረው። ካፒቴኑ ገና በመጀመሪያው ቀን ፓስፖርታቸውን ሰብስቦ ቆለፈበት። መርከቡ ወደብ አይነካም፤ ሌላ መርከብ እየመጣ ዓሣውን ይቀበላል፣ ነዳጅ ይሰጣል፣ ይሄዳል። ስለዚህ የሚወረድበት መሬት የለም። የሚበሉት ሩዝና ለማጥመጃ የመጣውን ዓሣ ነው። እጃቸው አብጦ ጣታቸው አልታጠፍ ሲል እንኳ መረብ ይጎትታሉ። አንድ ባልደረባው ታሞ መሥራት ሲያቅተው ምግብ ቀነሱበት፤ እነ ሩኤል ከድርሻቸው እየደበቁ አጎረሱት። ከዓመት በላይ እንዲህ ቆይተው ሞተሩ ተበላሸና መርከቡ ሳይወድ ወደብ ገባ። መርከበኞችን የሚጎበኝ አንድ ቄስ ሊባርካቸው ወጣ፤ ሩኤል ለኑዛዜ ተንበረከከና ኃጢአቱን ትቶ ይህን ነገረው። የወረዱት በዚያ ቄስ ጥረት ነው። ደመወዙን እስከ ዛሬ አላየውም።

ፓትሪክ ያን ግዙፍ እጁን ካርቶኑ ላይ ጫነ። ሁሉንም እጥለዋለሁ ብሎ አነሳው። ያኔ ሩኤል ክንዱን ያዘው።

"አትጣለው። ይህ ከእኛ መርከብ ይሁን አይሁን አላውቅም። ግን እዚያ ሳለሁ ቢያንስ ሰው ይበላዋል እያልኩ ነበር የምጽናናው። ዛሬ ጥበሱት። ከዛሬ በኋላ ግን እንደ እትዬ ጠይቁ።"

እትዬ የምትለዋን ቃል ከእኛ ሰምቶ ነው። እትዬ ወለላ ሽርጣቸውን መልሰው አሰሩ። ጠበስነው፣ ሰዉም በላው። ፓትሪክ ዳቦ ብቻ በላ።

ቅዳሜ

ሣራ የእናቷን ቁጣ ለማብረድ ወደምትኖርበት ሰፈር፣ ወደ ቤልትላይን ወስዳ ምሳ ጋበዘችን። ሬስቶራንቱ ሳህኑ ትልቅ፣ ምግቡ ትንሽ ነው። እኔ ቅጠል አዘዝኩ፤ ቅጠል መጣልኝ። እትዬ ወለላ ጥያቄያቸውን ሲያቀርቡ ሣራ በምግብ ዝርዝሩ ፊቷን ሸፈነች።

አስተናጋጁ ግን ሲጠብቀው የኖረ ጥያቄ ይመስል ፊቱ በራ። ዓሣው ከየትኛው የባሕር ሰርጥ እንደመጣ፣ ውኃው ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ፣ ምን በልቶ እንዳደገ፣ ሳይሠቃይ እንዴት እንደሞተ እጁን እያወራጨ ተረከ። እትዬ ወለላ አገጫቸውን በምርኩዛቸው ላይ አስደግፈው እስኪጨርስ አደመጡት። ከዚያ ለሣራ አስተርጉሚልኝ አሉና "የዓሣውን ዘር ማንዘር ነገርከኝ። ሰውየውስ?" አሉት። ልጁ ኩሽናውን ጠይቄ ልምጣ ብሎ ሄደ፤ ሒሳቡን ያመጣችልን ሌላ ልጅ ናት።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ የአዳራሹ ኮሚቴ ተሰበሰበ። እኔም እትዬን ደግፌ በማስገባት ሰበብ ገብቼ ተቀመጥኩ። ፓትሪክ የሩኤልን ታሪክ ስሙን ሳይጠራ ተናገረና ርካሹን ዓሣ ከእንግዲህ አልገዛም አለ። ማርጋሬት የምትባል፣ ለጎረቤቶቹ አስቤዛውን እየዞረች የምታድል ሴት እጇን አነሳች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ያለችው ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ውድ ዓሣ ከገዛን የሚተርፈን ትንሽ ነው፤ በዚህ ሳምንት ከምደርስባቸው ቤቶች የትኛውን ልዝለል? አለች።

ስብሰባው እዚያ ላይ ተበተነ። እትዬ ወለላ ቤት ስንመለስ እራት አልበላም ብለው ጋደም አሉ፤ ትንሽ ቆይተው፣ እውነቷን ነው ሲሉ ሰማኋቸው።

ረቡዕ

ፓትሪክ ሰኞንና ማክሰኞን ስልክ ሲደውል ከረመ። ካርቶኖቹን የሸጠለት ድርጅት ወደ ሌላ መራው፣ ሌላው ወደ ሦስተኛ፤ ሦስተኛው ጋ ሙዚቃ ብቻ ይሰማል። ረቡዕ ጠዋት በፒካፑ መጥቶ ወሰደን። ከሰሜን ሐይቅ፣ ከበረዶ ሥር በቤተሰብ የሚያጠምዱ ሰዎችን ዓሣ የምትሸጥ ሴት አግኝቷል። ሱቋ የእኛን አገር ሻይ ቤት ያህል ናት። ዓሣው ነጭ፣ መካከለኛ፣ ዓይኑ ያልፈዘዘ ነው። በልቤ ቆሮሶ የምንለው የሐዋሳ ዓሣ ዘመድ ይመስላል አልኩ።

እትዬ ወለላ የሴትዮዋን ቃል አላመኑም፤ አጥማጁን በስልክ አቅርቡልኝ አሉ። ሴትዮዋ ሳቀችና ደወለች። ሰውየው በረዶ ላይ ቆሞ መለሰ፤ ነፋሱ ይሰማል። እትዬ ወለላ እንደ መርማሪ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ፓስፖርትህን ማን ይዞታል አሉት። ፓስፖርት አውጥቼ አላውቅም፣ የት እሄዳለሁ አለ። አብረውህ የሚሠሩት እነማን ናቸው? ወንድሜና የወንድሜ ልጆች። የዓሣውን ገንዘብ ማን ይወስደዋል? ሰውየው ትንሽ አሰበና "ሚስቴ" አለ።

እትዬ ወለላ ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው በአማርኛ "ይህም የግዳጅ ሥራ ነው፤ ግን የታወቀ የትዳር ነው" አሉኝና እንግዛ አሉ።

ዋጋው እንደተፈራው ነው፤ ፓትሪክ የገዛው ከወትሮው ግማሹን ነው። የጎደለውን ምን ይሙላው ተብሎ ሲታሰብ እትዬ ወለላ ወደ እኔ ዞሩ። ሻንጣዬ ውስጥ ከሐዋሳ ያመጣሁት በርበሬ አለ፤ ምስር ደግሞ የትም ርካሽ ነው። ፓትሪክ በርበሬውን አሸተተና ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በጣም ጥሩ ነው አለ በጨዋነት።

ዓርብ

ቅርፊት ስፍቅ፣ ምስር ሳማስል ዋልኩ። እትዬ ወለላ ከወንበራቸው አልተነሱም፤ ማስታመሜ የተሳካው በዚያ ቀን ብቻ ነው። ማታ ሰዉ መጣ። አንድ ሽማግሌ የዓሣዬ ግማሽ የት ሄደ አለ። አንዲት ሴት አጥንት አወጣችና እንደ ማስረጃ አሳየችን። ምስሩን መጀመሪያ በጥርጣሬ በማንኪያ ጫፍ ነኩት፤ ኋላ ድስቱ ተጠረገ። ፓትሪክ ላቡን እየጠረገ ደጋግሞ ወሰደ።

የተረፈው ገንዘብ ካለፈው ሳምንት አነሰ፤ ፓትሪክም አልደበቀም። ማርጋሬት ባዶውን የምስር ድስት አንስታ በሩ ላይ ቆመች። ለምን እንደጎደለ ለሚወጣው ሁሉ አንድ በአንድ ነገረች፤ ሰዉም እየሰማ ድስቱ ውስጥ ጣል አደረገ። ሁሉም አልሰጠም። ግን የምትዘልለው ቤት እንደሌለ ስትነግረን እትዬ ወለላ እጇን ይዘው ሳሙት፤ ማርጋሬት ደንግጣ የእሳቸውን ሳመች።

ስናጸዳ ሩኤል ሳህን ይዞ መጣ። አንድ ዓሣ ተርፏል ወይ አለ። ሰጠሁት። ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሲያየው ቆየ። ከመርከቡ ከወረድኩ ወዲህ ዓሣ ቀምሼ አላውቅም፣ ሽታውን የለመድኩት እንኳ እዚህ ድንች እየላጥኩ ነው አለ። ፓትሪክ መጥረጊያውን አቆመ። ሁላችንም ሌላ ቦታ የምናይ መሰልን። ሩኤል ቆረሰ፣ አላመጠ፣ ዋጠ። ጭንቅላቱን ነቀነቀና "ጨው ይጎድለዋል" አለ።

የጎደለው በእኔ ነው፤ ጿሚ ስለሆንኩ አልቀመስኩትም። እትዬ ወለላ ግን በእሳቸው የመጣ ነገር አድርገው ወሰዱት። የጨው ዕቃውን ከፊቱ አስቀመጡና "ሐይቅ ነው፤ ባሕር አይደለም። አርፈህ ብላ" አሉት። እንባቸውን የጠረጉት ዞረው ነው። ሩኤል ጨው ነስንሶ አጥንቱ እስኪቀር በላው።

ቅዳሜ

ሣራ አየር ማረፊያ አደረሰችኝ። እትዬ ወለላ ቤት ቀሩ፤ መሰናበት አይወዱም፣ ሻንጣዬን ግን ሦስት ጊዜ አስከፍተው አጭቀውልኛል። ሩኤል የሥራ ልብሱን እንደለበሰ የጽዳት ጋሪውን እየገፋ መፈተሻው ድረስ ሸኘኝ። ሌሊት እናቱ ጋ ደውሎ ዓሣ በላሁ ብሎ እንደነገራት አጫወተኝ። እናቱ ያሳለፈውን ታውቃለች፤ ከመርከቡ ወርዶ ቤቷ ከተመለሰ ጀምሮ እሷም እሱ ባለበት ዓሣ ሠርታ አታውቅም። ታለቅሳለች ብሎ ፈርቶ ነበር። እሷ ግን ማን ጠበሰው ብላ ጠየቀችው። አንዲት የኢትዮጵያ ባልቴት አስጠበሰችው አላት። ኮምጣጤ አድርጋበታለች? አለች፤ እነሱ ዘንድ ዓሣ ያለ ኮምጣጤ አይሆንም። አላደረገችም አላት።

"እንግዲያው ገና አልበላህም" አለችው።

ይህን ለእትዬ ወለላ እንዳልነግራቸው አስምሎኛል። እንዳልጽፈው ግን አላስማለኝም።